ቆጣሪ

ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ቆጣሪው መጣ» ነው፣
ከዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ስወርድ የምሰማው።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ወር በገባ በአሥር፣
መዝገቤ በብብቴ፣ እርሳሴ ከጆሮ ሥር፣
ትከሻ በሚያጥፍ በዚያ ጉራንጉር
ጭቃውን ጠርጌ ሳነብ የውሃ ቁጥር።

ግቢው አንድ ነበረ፣ ቆጣሪውም አንድ፤
አሥራ አንድ ደጃፍ፣ አንድ የቧንቧ ግንድ።
ሒሳቡ የሚካፈል በነፍስ ወከፍ ነው፣
ውሃ በሊትር ሳይሆን በአፍ የሚቆጠረው።
ሴት ስትወልድ ይወጣል፣ ሰው ሲሞት ይቀንሳል፣
እንግዳ ሦስት ቀን ካደረ ክርክር ይነሣል።
እትዬ ብርቄ ናት የሒሳቡ ዳኛ፦
«የእህትህ ልጅ ያጥባል፤ አሁን ስንት ነን እኛ?»
«ጽንስ ይቆጠራል ወይ?» ብሎ አንዱ ቢጠይቅ፣
ሁለት ሳምንት ቆየ ግቢው ሳይታረቅ።
በመጨረሻ ፈረደች፣ እጇን ከወገቧ፦
«ጡት እስኪጥል ድረስ ልጅ በእናቱ ይታሰባ!»

ከመዝገቡ ፊት ገጽ የማገኘው ስም
ሙሴ አርሻቪር ነው፤ አይቼው አላውቅም።
ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሲሻገር ማርሴይ
ቁልፉን ትቶት ሄደ አሉ፣ በቧንቧው ራስ ላይ።
ከዚያ ሽኩር ገባ፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና
ደርድሮ ከረመ፤ መርካቶ ከፈተና
ዳሮታ ተተካ ከነሽመና ጉድጓዱ፣
ልጆቹ አንድ ባንድ ተምረው እስኪሄዱ።
ስም ይሰረዛል እንጂ ቁጥሩ አይሰረዝም፤
የውሃ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይዞርም።

ባለፈው ጥቅምት
በአሥራ አንዱም በር ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ።
ብርቄ ገላን ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ።
ዳሮታ አራብሳ፤ ሽመናውን ሸጠ፣
ፎቅ ላይ ጉድጓድ ማን ይቆፍራል?
የቀሩትን እንጃ።
ሁሉም የየራሱ ቆጣሪ ተሰጠው።
አንድ ማታ ብርቄ ደወለችልኝ፦
«ሂሳብ መጣልኝ፣ ብቻዬን።
እስቲ አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ባዶ ነው፤ ዜሮ ብለህ ዝጋው» አለኝ አለቃዬ።
ወረድሁ።
የሰድር ስብርባሪ፣ የአንድ እግር ጫማ፣
ግማሽ ግድግዳ ላይ የዓምና ቀን መቁጠሪያ።
ከላይ አዲሱ መንገድ፤
መብራት በተጠመጠመበት ዛፍ ሥር
ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ።
አልቀየማቸውም፤ እነሱም የሚቆሙበት ያሻቸዋል።

ከልማዴ ጎንበስ አልሁ፣ ጭቃውን ጠረግሁ።
ቀይዋ ሽክርክሪት ትዞራለች።

ከግማሹ ግድግዳ ጀርባ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር፣
አንዲት ሴት የሕፃን ጨርቅ ታጥባለች።
ብዙነሽ ትባላለች፣ ከቦዲቲ።
ባሏ እዚያ ማዶ ሕንፃው ላይ አርማታ ይሸከማል።
ልጅቱ ሃያ ቀኗ፣ ስም አልወጣላትም።
ሳሙናው ከእጇ ወደቀ፦
«ጋሼ፣ ልታስወጡን ነው?»

«ቆጣሪ ነኝ» አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ?
ለመሥሪያ ቤቱ «ፍሳሽ አለ፣ በሚቀጥለው ወር ይታያል» ብዬ ሞላሁ።
በራሴ መዝገብ ግን፣
ከሙሴ አርሻቪር፣ ከሽኩር፣ ከዳሮታ ሥር፣
በእርሳስ፦ «ነፍስ፣ ሦስት።»

ማታ ለብርቄ ደወልሁላት፤
ሰው ገባ አልኋት፣ ግቢያችን።
ዝም አለች። የቴሌቪዥኗ ድምፅ ይሰማኛል።
«ስንት ናቸው?»
«ሦስት።»
«ልጅቷ ጡት ጥላለች?»
«ኧረ ገና ናት።»
«ታዲያ ሁለት በል እንጂ! ምነው፣ ደንቡን ረሳኸው?»

አጠፋሁና ሁለት ብዬ ጻፍሁ።
ላጲሴ አርጅቷል፤
ሦስቱ ከሥር ይታያል።